በር ዘግተን የምንቆይበት ቀን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሥራ ቦታችን ነው። ፈትል ላይ እያለን መውጣት የማይቻልበት ነገር ቢመጣ፣ እዚህ እንጦጦ ማርያም ባለችው ክፍላችን ውስጥ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሌሊት መቆየት እንችላለን?

«ይህማ የትልልቅ ድርጅቶች ጣጣ ነው» የምትል አትጠፋም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.ን እናስታውሳት። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ከተማው ታወከ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ለሳምንታት ተቋረጠ። ከዚያ በፊት መጋቢት 30 በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በኮሮና ጊዜ ሰው ወደየቤቱ ገባ፤ ተኩስ ሲሰማ ግን ሰው ባለበት ይቀራል። የሥራ ቦታ ዝግጅት የሚያስፈልገው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ቁልቁለቱን በእግር መውረድ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ስንቶቻችን እንጨትና ቅጠል ተሸክመን የወረድንበት ነው። ነገር ግን በሁከት ቀን ታች ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ከመሸ ደግሞ ጅቡ አለ። ስለዚህ የምናድርበት ሌሊት ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራን ከሰል ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የክረምቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። በርና መስኮቱ ይዘጋል፣ ማንደጃው ይገባል። ፍሙ ጭሱን ሲጨርስ ጉዳቱ ያለቀ ይመስላል፤ ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም መልክም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። ጠዋት ሬሳ የተገኘበት ቤት ወሬ ያልሰማ ማን አለ? በተዘጋ ክፍል ማንደጃ አይገባም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ለብርዱ መጋዘን ውስጥ ያልተሸጡ ጋቢዎች አሉ። ሒሳብ ሹማችን ቅር እንዳይላት እንጂ ለዚያ ሌሊት እነሱ ይበቃሉ።

እሳት ከሌለ ምን እንበላለን? እናቶቻችን ለመንገደኛ የሚያሰንቁትን ነዋ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። በሶ ውሃ ብቻ ይፈልጋል፤ ጾም ፍስክ፣ ክርስቲያን ሙስሊም አይልም። በየሦስት ወሩ በቡና ላይ በልተን በአዲስ እንተካዋለን።

ውሃውን አስልተነዋል። አሥራ አምስት ሴቶች በቀን ሦስት ሦስት ሊትር ብንጠጣ ለሁለት ቀን 90 ሊትር፣ ማለትም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ለመጸዳጃ የሚሆነው ከዚህ ውጭ ነው። የንጽሕና መጠበቂያ ሞዴስም አብሮ ይቀመጥ። በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ የሁለት ቀኑን ከቦርሳችሁ አታጡት፤ ምን እንደሆነ ለማንም መናገር አይጠበቅባችሁም።

መቆየት ማለት መቆለፍ አይደለም። በ1911 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አለቁ። አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ፤ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። የእኛም ክፍል ጥጥና ድር የሞላበት ነው። ቁልፉ ከውስጥ በበሩ ጎን ይሰቀላል፤ መውጣት የፈለገችን እንመክራታለን እንጂ አንይዛትም።

አስቸጋሪው የልጆች ጉዳይ ነው። ልጇ ብቻውን ቤት የቀረባት እናት ተቀመጪ ብትባል አትቀመጥም፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ልጁን የምትቀበል ጎረቤት ከአሁኑ እንነጋገር። የጎረቤቷ ስልክ ግድግዳው ላይ በወረቀት ይጻፍ፤ የሞባይል ባትሪ ያልቃል። ከጎኑ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 እሳት አደጋ፣ 991 ፖሊስ ይጻፉ።

ስለ ክፍያ ጠይቃችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤና መጠበቅን የአሠሪ ግዴታ ያደርገዋል። እኛ አሠሪም ሠራተኛም እኛው ነን። በቁራጭ ለሚከፈላቸው ያች ቀን እንደ ሥራ ቀን ትቆጠር የሚለውን ኮሚቴው ተቀብሎታል፤ የእናንተን ድምፅ ይጠብቃል።

ደጋፊዎቻችን በምን እንርዳ ላላችሁን፣ ጀሪካንና በፀሐይ የሚሞላ መብራት ይበቃናል። ገብሱን እኛው እንቆላዋለን። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ የምትመጡ ወንፊት ይዛችሁ ኑ።