ከጭላዳ ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ



አዘጋጆቹ «ስለ ፎቶግራፍህ ንገረን፣ ስለ ሌንስ ግን አደራ!» ስላሉኝ ስለ ጭላዳ ላውራችሁ።

ጭላዳ በዱር የሚገኘው በእኛው ደጋ ብቻ ነው። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ሜዳው ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሣር ይነጫል። በመንዝ ጓሳ ወይም በሰሜን ተራሮች መቶዎቹ አብረው ሲግጡ ላየ ሰው ዝም ብሎ መንጋ ይመስለዋል። ቁጭ ብሎ ላስተዋለ ግን በውስጡ ቤተሰቦች አሉ፤ አንድ ባለ ጎፈር ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው። እኛ ፎቶ አንሺዎች የምንሻማው ለባለ ጎፈሩ ነው። ቤቱን ያቆሙት ግን ሴቶቹ ናቸው። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን ፀጉር እየፈለፈለች ታጸዳለች። ወንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ይህ መምጣትና መሄድ ታዲያ ቀላል ነገር አይደለም። ከወንደላጤዎቹ አንዱ ነባሩን አሸንፎ ሲገባ የሚጠቡትን ግልገሎች ሊገድል ይችላል። በሰሜን ተራሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ወንዱ ሲለወጥ ከእርጉዞቹ 80 በመቶ ያህሉ ፅንሳቸው ይቋረጣል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ አዲስ ወንድ የገባበት ቤት ሳይ ካሜራዬን የማዞረው ወደ እናቶቹ ነው።

ጓሳ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በመንጋው መሀል እየተራመደ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ተመራማሪዎች ቆጥረውታል፤ ለብቻው ሲያድን ከሙከራው 25 በመቶ፣ በጭላዳ መሀል ሲሆን 67 በመቶ ይሳካለታል። አካሄዱን ብታዩት! ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥ፣ ግልገሎቹን ሳይተናኮል። እኔም የያዝኩት የእሱን ዘዴ ነው። ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ዓይን ዓይናቸውን አላይም፣ ምግብ አልወረውርም። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ «በቃህ» ማለቱ ነው። (ፌስቡክ ላይ «ሳቀልኝ» እያሉ የሚለጥፉት ይህንኑ ነው።)

አሁን ብዙ ቦታ ላይ እርሻው እስከ ገደሉ አፍ እየደረሰ ነው። የባዮሎጂ መምህራን ይህን ልብ በሉልኝ፤ ፎቶዎቼ ቀንና ቦታቸው ተጽፎባቸዋል፣ ብዙዎቹን እንስሳት በፊታቸው ጠባሳ መለየት ይቻላል። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ላኩልኝ። ሃርድ ዲስኩን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሻይ በኋላ እዚሁ መገልበጥ ይቻላል።