ከጥልፉ በፊት የሚቆጠር
(ከጥልፍ ቡድኑ ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ 9 ትንንሽ ቤቶች ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ 60 የስኒ ማስቀመጫ ጨርቅ አዘዙን። እያንዳንዱ ጨርቅ 3 ረድፍ፣ በየረድፉም 3 ቤት አለው። ቤቱ ወይ በቀይ ክር ይሞላል፣ ወይ ነጭ ይቀራል። ሁለት ቀይ ቤቶች ጎን ለጎንም ሆነ ላይና ታች እንዳይጎራበቱ፣ በማዕዘን ቢነካኩ ግን ግድ እንደሌለ ተነገረን። 60ዎቹም የተለያዩ እንዲሆኑ ተስማማን።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እንዳይሆንብን አስቀድመን ቆጠርን። አንድ ረድፍ ብቻ ሲታይ 5 ዓይነት አሞላል አለው፦ ሁሉም ነጭ፣ ግራው ብቻ ቀይ፣ መካከሉ ብቻ ቀይ፣ ቀኙ ብቻ ቀይ፣ ግራና ቀኙ ቀይ። ከዚያ መካከለኛውን ረድፍ ያዝን። እሱ ሁሉም ነጭ ከሆነ ላይኛው በ5 መንገድ ይሞላል፤ ታችኛውም በ5፤ 5 ጊዜ 5፣ 25። ግራው ብቻ ከቀላ ለላዩም ለታቹም 3፣ 3 ምርጫ ይቀራል፤ 9። ቀኙ ብቻ ሲቀላም 9። መካከሉ ብቻ ሲቀላ 4 ጊዜ 4፣ 16። ዳርና ዳሩ ሲቀላ 2 ጊዜ 2፣ 4። ድምሩ 63 ሆነ። ምንም ቀይ የሌለበትን ስናወጣ 62። “እንዲያውም 2 ይተርፈናል” ብለን ቀብድ ተቀበልን።

በርክክቡ ቀን ደንበኛችን ጨርቆቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንዱን በእጃቸው አዞሩት። የላይኛው ግራ ማዕዘኑ ቀይ የነበረው፣ ሲዞር የላይኛው ቀኝ ማዕዘኑ ቀይ ከሆነው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁሉንም እያዞርን ስንለያቸው 20 ክምር ብቻ ወጣ። 40ዎቹ ድግግሞሽ ነበሩ፤ ዋጋቸውንም አላገኘንም። ከመካከላችን በዚያ ገንዘብ ለልጆቿ ደብተር ልትገዛ ያሰበች ነበረች።

ደንበኛችን አልበደሉንም። ድምራችንም አልተሳሳተም። “የተለያየ” ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሳንጠይቅ ነው የቆጠርነው። ወረቀቱ ፊታችን ተቀምጦ አይዞርም፤ የስኒ ማስቀመጫ ግን በማንኛውም እጅ ይዞራል።

ድግግሞሾቹን በባዛር በቅናሽ ሸጥናቸው። ለቀጣዩ ትእዛዝ ጨርቁን 4 በ4፣ ማለትም 16 ቤት አደረግነው። በዚያው ሕግ የሚወጣው ጥለት ከ63 ወደ 1234 ይዘላል። አንድ ጨርቅ ሲዞር ከ4 በላይ መልክ ስለማይኖረው፣ ለ4 ብናካፍለው እንኳ ከ300 በላይ ዓይነት ይተርፈናል። 7 ቤት ብቻ ጨምረን ከጭንቀት ወጣን።

አሁን ትእዛዝ ስንቀበል ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ሕጉ ምንድን ነው? ሁለቱ ጨርቆች አንድ ናቸው የሚባለውስ መቼ ነው? ይህን የምንጽፍበት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር በቡድናችን ሣጥን ውስጥ አለ።

እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። 4 ቤት ብቻ ባለው ጨርቅ፣ ባዶውም ተቆጥሮ፣ 7 ይወጣል፤ ሲዞር 3 ብቻ ይቀራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሥዕላችሁን ይዛችሁ ኑና አብረን እንየው።