«ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው»፦ አካል ጉዳተኞች ያልተጠየቁበት ቴክኖሎጂ

(ከኦስሎ፣ ኖርዌይ በቴሌቪዥን የቀረበ ሐተታ፤ ለንባብ እንዲመች ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ዛሬ እንደ ወትሮው ስለ ሹም ሽርና ስለ ጦር ግንባር አላወራም። ስለ ስልክ ነው የማወራው። ታግሳችሁ ስሙኝ፤ መጨረሻው ያው ፖለቲካ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

በቅርቡ እዚህ ኦስሎ፣ ግሮንላንድ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ወንድማችን ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። ዓይነ ስውር ነው። ሰበታ መርሐ ዕውራን ተምሮ ያደገ፣ እዚህም ብዙ ዓመት ሠርቶ የኖረ ሰው ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ መልእክቶቹን ያዳምጣል። የኖርዌይኛውን ታነብለታለች፣ እንግሊዝኛውንም ታነብለታለች። ፍጥነቷ ለእኔ ጆሮ ጫጫታ ነው፤ እሱ ግን አንድ ቃል አያመልጠውም። ከእህቱ፣ ከደሴ፣ የመጣ መልእክት ላይ ስትደርስ ዝም አለች። የተጻፈው በአማርኛ ነበር። ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እስቲ አንብብልኝ፤ ይቺ የሰውን ሁሉ ቋንቋ ታውቃለች፣ የእናቴ ቋንቋ ላይ ስትደርስ ትደነቁራለች» አለኝ። አነበብኩለት። የቤተሰብ ገመና ነበር፤ እኔ ላውቀው የማይገባኝ። እኔም እሱም አቀርቅረን ቀረን።

ከዚያ ወግ ጀመረ። አገር ቤት ለእረፍት ሄዶ ሳለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠቅስም፣ በስልክ የሚሰጥ አዲስ አገልግሎት ሲያስመርቅ አካል ጉዳተኞችን ጋብዞ ነበር። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ቆብና ቲሸርት ታደለ። ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣ። በኋላ ወንድማችን መተግበሪያውን በራሱ ስልክ ከፈተው። ገና ሲጀምር «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል መጣ፤ ሥዕል አይቶ መምረጥ ነው። ዓይነ ስውር ሥዕል አይቶ ሰውነቱን ያረጋግጥ! አጠገቡ የቆመውን ወጣት «ይህን ማን ሞክሮት ነው?» ቢለው ወጣቱ በትህትና «ጋሼ፣ ለእናንተ ታስቦ እኮ ነው የተሠራው» አለው። ወንድማችን ይህን ሲነግረኝ ሳቀና «ታስቦ ነው አለኝ፤ ማን እንዳሰበልኝ ግን አልነገረኝም» አለ።

አባቶቻችን «ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ነገር ይኸው ነው። ለአካል ጉዳተኛ ማሰብ አንድ ነገር ነው፤ ከአካል ጉዳተኛ ጋር ሆኖ መሥራት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምጽዋት ነው። ሁለተኛው ሥልጣን ማካፈል ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በፈረንሳይ ሻርል ባርቢየ የሚባል የጦር መኮንን በነጥብ የሚጻፍ፣ በጣት የሚነበብ ጽሑፍ ፈጥሮ ነበር። ዓይናማ ነው፤ አሳቡም ቅን ነበር። ግን አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ይይዝ ስለነበር ከጣት ጫፍ ይተርፋል፤ ጣት ላይ ታች ማለት አለበት። ሥርዓተ ነጥብም የለውም። በዓይኑ ለሚያይ ሰው ይህ ችግር አይታየውም። የታወቀው በፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ይማር ለነበረ ልጅ ነው። ሉዊ ብሬል ይባላል፤ በሕፃንነቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ወስፌ ዓይኑን ወግቶት ነው የታወረው። 12ቱን ነጥብ ወደ 6 አወረደው፤ 6 ነጥብ ጣት አንዴ ሲያርፍበት ሙሉውን ይነካዋል። ዓመቱ 1824 ነው፣ ልጁ 15 ዓመቱ ነበር። ዓይናማዎቹ ኃላፊዎች ግን ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም። ፈረንሳይ በይፋ የተቀበለችው በ1854፣ እሱ ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው።

ያ ጽሑፍ ነው ባሕር ተሻግሮ ሰበታ የደረሰው። የእኛ ፊደል በብሬል ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ፊደል ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ተነባቢውን፣ ሌላው አናባቢውን ይይዛል። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችንም ፊደሉን በእጃቸው ይጽፉታል፦ የእጁ ቅርጽ «በ» ወይም «ለ» መሆኑን ይነግርሃል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይወስድሃል። ይህን በየቀኑ የሚኖርበት ሰው ሳይጠየቅ ለእነዚህ ወገኖች የሚሆን ነገር እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደምኖርበት ከተማ ልመለስ። ክሪስተን ኒጎርድ የሚባል የኦስሎ ሰው ነበር። ከባልደረባው ከኡለ-ዮሃን ዳል ጋር በ1960ዎቹ ሲሙላ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ፈጠረ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው ብዙ የኮምፒውተር ቋንቋዎች መሠረታቸው እዚያ ነው፤ ሁለቱም በ2001 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግን ሽልማት፣ አግኝተውበታል። እኔ ግን የተማርኩት ፖለቲካ ሳይንስ ነው፤ የሚማርከኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር ፋብሪካ ውስጥ መግባት ሲጀምር ኒጎርድ ወደ ብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሄደ። መሣሪያውን የሚመርጡት አለቆች ናቸው፤ የሚያዝዙት መሐንዲሶች ናቸው፤ ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ተተክሎ ነው የሚያገኘው። ኒጎርድ መሣሪያውን ያላወቀ ሰው መሣሪያውን በያዘው ሰው እንደሚገዛ ገባው። ሠራተኞቹ ራሳቸው አጠኑ፣ የሚፈልጉትንና የማይፈልጉትን ራሳቸው ጻፉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኮምፒውተር ሲገባ ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲነገረው፣ በዚህ ጉዳይ የሚቆምለትን ወኪልም ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርግ ስምምነት ከአሠሪዎች ጋር ተፈረመ።

ልብ በሉ፤ ይህ ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ የተጀመረ አይደለም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ነገሩ የሚመለከተው ሰው የሚጠራው ሲጀመር ነው ወይስ ሲመረቅ? የዓለም አካል ጉዳተኞች «ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም አይወሰን» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ኖርዌይን ገነት አድርጌ እንዳልስላት ደግሞ ልጠንቀቅ። እዚህ በ2009 የተደራሽነት ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ድረ ገጾችና የአገልግሎት ማሽኖች ለሁሉም እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አለ፤ ያላስተካከለ ድርጅት እስኪያስተካክል በየቀኑ የሚከፍለው ቅጣት ሊጣልበት ይችላል። እንዲህም ሆኖ የኦስሎ ሰው ለአሥርት ዓመታት ሲሳፈርባቸው የኖሩት አሮጌ ትራሞች ደረጃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። ወለላቸው ዝቅ ያሉት አዲሶቹ ትራሞች መሥራት የጀመሩት በ2022 ነው። ሀብታም አገርም ሳይጠይቅ ከሠራ ያስቸግራል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። የአማርኛ የኮምፒውተር ድምፅ ጨርሶ የለም አልልም። ኢስፒክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አማርኛን ይሞክራል። ማይክሮሶፍትም «መቅደስ» እና «አምሃ» ብሎ የሰየማቸው ሁለት ድምፆች አሉት። ችግሩ ጠለቅ ያለ ነው። የእኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብለህ ስትጽፍ በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው» የምንለው? «አለ» ሲባል ተናገረ ነው ወይስ አለ፣ ይኖራል ነው? እኛ ከዐውዱ እንለየዋለን፤ ማሽኑ ይሳሳታል። ዓይናማው መሐንዲስ ደግሞ የሚያምር፣ ረጋ ያለ፣ የዜና አንባቢ ድምፅ ሠርቶ ይረካል። ወንድማችንን ስትጠይቀው ግን «ውበቱ ይቅርብኝ፤ ሳፈጥነው የማይዝረከረክ ድምፅ ስጡኝ» ይልሃል። ቀኑን ሙሉ በጆሮው የሚያነበው እሱ ነዋ! ይህን መሐንዲሱ በራሱ አስቦ አይደርስበትም።

ባለቤቱ ሲሠራው ምን እንደሚሆን ደግሞ እዩ። በ2006 ማይክል ከረን የሚባል አውስትራሊያዊ በኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ኤንቪዲኤ የተባለ ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ። ጓደኛው ጄምስ ቴ ተቀላቀለው። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። በገበያ ላይ የነበሩት ሶፍትዌሮች ለብዙው ዓይነ ስውር የማይቀመሱ ውድ ስለነበሩ የእነሱን በነፃ ለቀቁት። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ዓይነ ስውራን ይሠሩበታል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን አስቸኳይ ሆነ? አገራችን ወደ ዲጂታል እየገባች ስለሆነ ነው። ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ አለ። የዲጂታል መታወቂያው፣ ፋይዳ፣ በ2023 አዋጅ ወጥቶለታል፤ ለባንክ ሂሳብም እየተጠየቀ ነው። ሲመዘገቡ የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። እንግዲህ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ። እጁ የተቆረጠ፣ በጦርነት የተቆረጠም፣ አለ። በሥጋ ደዌ ጣቱ የተጎዳ ሰው አለ።

ሥጋ ደዌ ስል ኖርዌይና ኢትዮጵያ የሚገናኙበት ታሪክ ትዝ ይለኛል። የበሽታውን ተሕዋስ በ1873 ያገኘው የበርገኑ ሐኪም አርማወር ሐንሰን ነው። ትልቅ ሳይንቲስት ነው። ይኸው ሰው ግን በ1879 በአንዲት ታካሚ ዓይን ላይ፣ ሳያስፈቅዳት፣ ሙከራ አደረገ። ሴትዮዋ ዝም አላለችም፤ በ1880 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት ከሆስፒታል ሥራው ተነሣ። በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በአዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ በሐንሰን ስም የምርምር ተቋም አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ዕውቀት የቱንም ያህል ቢገዝፍ ባለቤቱን ከመጠየቅ ነፃ አያወጣም።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። ጣት የሌለው ሰው መመዝገቢያው ጋ ሲደርስ ወጣቱ መዝጋቢ ምን እንደሚያደርግ ማን አሠለጠነው? በሥልጠናው ላይ ከዘነበወርቅ የመጣ አንድ ሰው ቆሞ «እኔ ስመጣ እንዲህ አድርግ» ብሎታል? ስልኩ የማያነብለት ዓይነ ስውር ገንዘብ ሲልክ የሚስጥር ቁጥሩን ለማን ይንገር? ለጎረቤት? ለመንገደኛ? የእህቱን ደብዳቤ እኔ እንዳነበብኩበት ሁሉ ኪሱንም ሌላ ሰው ሊከፍትበት ነው።

«ድሃ አገር ነን፣ ቀስ በቀስ» የሚል መልስ ይመጣል። ሉዊ ብሬል የነበረው ወረቀትና ሹል ብረት ነው። ቀድሞ መጠየቅ ርካሽ ነው፤ አፍርሶ መሥራት ነው ውዱ። ሕግ የለም እንዳይባልም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥታት ከአካል ጉዳተኞች ጋር በማኅበሮቻቸው በኩል እንዲመክሩና እንዲያሳትፏቸው ያስገድዳል። ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቃዋለች። ኖርዌይ ያጸደቀችው በ2013 ነው። አዎ፣ 3 ዓመት ቀድመናቸዋል፤ በወረቀት ላይ።

የሰው እጥረትም የለብንም። የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ከአማራ ሳይንት የተነሣችው፣ በ5 ዓመቷ ዓይነ ስውር የሆነችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። የጎደለው ወንበር ነው፤ ያውም የፊት ወንበር ሳይሆን የሥራው ጠረጴዛ ወንበር።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አካል ጉዳተኞች ሥራው ገና በአሳብ ላይ ሳለ ይጠሩ፣ በምረቃው ቀን አይደለም። ሁለተኛ፣ ለሙያቸው ይከፈላቸው፤ መሐንዲሱ ደመወዝ እየበላ እነሱ ቆብና ቲሸርት ብቻ አይሸኙ። ሦስተኛና ዋናው፣ «ይህ ገና አልሆነም፣ አይውጣ» ሲሉ የሚቆም ይሁን። እምቢ ማለት የማይችል ሰው አልተማከረም፤ አጀበ እንጂ።

በውጭ ያላችሁ፣ በየኩባንያው ሶፍትዌር የምትጽፉ ልጆቻችንም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ለማኅበረሰባችሁ፣ ለዕድራችሁ፣ ለቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም ለመስጊዳችሁ መተግበሪያ ስትሠሩ ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ዓይነ ስውር ወገን ጥሩ። ስልኩን ስጡትና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አትምሩት፣ አታስረዱት። የት ላይ እንደሚቆም እዩ። እሱ የቆመበት ቦታ የእናንተ ሥራ የሚጀምርበት ነው።

ግሮንላንድ ያገኘሁት ወንድማችን ስንለያይ ምን አለኝ መሰላችሁ? «በሚቀጥለው ስትመጣ የእህቴን መልእክት እኔ ላንብብልህ፤ እንዳንተ አልንተባተብም።» ያን ቀን ያሳየን።

በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ። ቸር ይግጠመን።