ቀጠሮው በስልክ፣ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ

እሷ፦ ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ የአጋሮና የሊሙ ገበሬ ቅርጫቱን ጥሎ ለደም ግፊት ቀጠሮ ጅማ መሄድ ይከብደዋል። ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመሙ አይሰማም፤ ኪኒኑ ሲቋረጥ ኩላሊትና ልብ በዝምታ ይጎዳሉ። በጅማ ዙሪያ የጤና ጣቢያ ነርሶች የስኳር፣ የግፊትና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን መከታተል የጀመሩት ስማርት ስልክ ሳይስፋፋ ነው። ስልክ ቀጠሮውን በአጭር መልእክት እያስታወሰ ይህንን ሥራ ቢያግዝ፣ ከቀጠሮ የቀረ ሰው ቶሎ ይታወቃል፤ ነርሷም ደውላ ትጠይቀዋለች።

እሱ፦ እህቴ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው አጭር መልእክት ምን ይረባዋል? ኔትወርክስ ሲጠፋ?

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ለዚህ ነው በአፋን ኦሮሞ የተቀዳ ድምፅ፣ በተራ ስልክም የሚሰማ፣ የሚሻለው። ኔትወርክ በሌለበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ትሂድ። ስልክ ግን ኢንሱሊንን አይተካም። ጤና ቢሮዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ መድኃኒቱን አቅርቡ፤ ከዚያ ደውሉ።