ስለ ቅጠላ ቅጠል መድኃኒት አፈታተን
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገሩን ያነሣነው ጥፋታችን ስለከነከነን ነው። አምና ክረምት ከመካከላችን አንዲት እናት ጉልበታቸው ቢያብጥባቸው ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው እንዲያስሩበት የመከርናቸው እኛው ነን። ሲፈቱት ቆዳቸው እንደ እሳት ተቃጥሎ ውኃ ቋጥሮ ተገኘ። በእብጠቱ ላይ ቁስል ጨመርንላቸው።

ታዲያ የአባቶቻችን መድኃኒት ውሸት ነው ወይ? አይደለም። ምች ሲመታው ዳማ ከሴ አሽቶ ያልተቀባ ማን አለ? የአገራችን ተመራማሪዎችም በአይጥ ላይ ፈትነውታል። ነገር ግን ሒሳብ ያለ ደረሰኝ እንደማይወራረድ ሁሉ መድኃኒትም ያለ ፈተና አይታመንም።

ለእብጠት የሚቀባ መድኃኒት ከሚፈተንባቸው ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ በውኃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጣራል፤ ፈሳሹ ሲተን የቀረው ይወሰዳል። ከዚያ የአይጦች ጆሮ ክሮተን በሚባል የሚያቃጥል ዘይት ይቀባል። ለአንደኛው ወገን የቅጠሉ መድኃኒት ይጨመርለታል፤ ለሁለተኛው ዘይቱ ብቻ፤ ለሦስተኛው እንደ ኢንዶሜታሲን ያለ የታወቀ መድኃኒት። ከሰዓታት በኋላ ከየጆሮው እኩል ክብ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል። ያበጠው ይከብዳል፤ ሚዛኑ ይመሰክራል። በአይጥ ቢሳካም ለሰው ቆዳ መስማማቱና መጠኑ ገና ይመረመራል።

እንግዲህ ነጭ ሽንኩርት በገላ ላይ አስሮ ማሳደር ይቅርብን። ቁስል ላይም ቅጠል አናድርግ። እብጠቱ ከጋለና ትኩሳት ካመጣ ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንሂድ። ዕድራችን ለቀብር ብቻ አይደለም፤ በደህናውም ቀን እንመካከርበት።