እንጆሪ በደጋ ጓሮ

የዛሬው ርዕስ እሾሃማው የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነው። እንጆሪ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በጫካ ዳርና በወንዝ አፋፍ በዱር ይበቅላል። ስለዚህ ለደጋ አካባቢ ጓሮ እንግዳ አይደለም።

ታዲያ የእንጆሪ ምስጢር ምንድን ነው? ሥሩ ለዓመታት ይኖራል። ቅርንጫፉ ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው ያፈራል፣ ከዚያም ይደርቃል። ነገሩ እንደ ላም ነው። ጊደር ሳትወልድ አትታለብም፤ የነጠፈች ላምም ወተት የላትም። እንግዲህ ያፈራው ቅርንጫፍ ከግርጌው ይቆረጣል፤ ለጋው ይተዋል።

ውርጭ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ እንጆሪ ቀዝቃዛ አየር ከሚተኛበት ረባዳ ይልቅ ተዳፋት ላይ ይተከላል። ግርጌው በገለባ ይሸፈናል።

ለጋውን የቆረጠ፣ የከርሞውን ፍሬ ቆረጠ።