ከመፈረም በፊት መጠየቅ፦ ቤት መቀየር በአካል ጉዳተኞችና በቤት ኪራይ ድጋፍ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ



ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በውድሮው ዊልሰን ድልድይ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተዘጋ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ለሰርጉም ለልቅሶውም የምንመላለስበት መንገድ ነው። በመንግሥት ድጋፍ ለሚኖር አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ ግን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ መኖር እንዲህ ቀላል አይደለም። ከወንዙ ማዶ የሚጠብቀው ሌላ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን)፣ ሌላ የቤቶች ባለሥልጣን፣ ሌላ የኪራይ ሕግ ነው። እኛ ደግሞ ልማዳችን ቤተሰብ መክሮ መወሰን፣ ዕቃ ጭኖ መግባት፣ ከዚያ በኋላ ለመሥሪያ ቤት መናገር ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ወገኖቻችንን እየጎዳ ስለሆነ መገልበጥ አለበት እላለሁ።

በብዙ ቤት የሚደርሰውን በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት እናት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በመንግሥት የኪራይ ድጋፍ (በቫውቸር) በተከራዩት ባለ አንድ መኝታ ቤት ይኖራሉ እንበል። ዐይናቸው ደክሟል፤ ኤስኤስአይ ይቀበላሉ፤ ጠዋት ጠዋት ረዳት ትመጣላቸዋለች። አሌክሳንድሪያ ያለችው ልጃቸው «እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትሆኚም፤ እኔ ጋ ነይ» ትላቸዋለች። የልጅ ወግ ነው፤ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። እናትየው «እሺ» ሲሉ ግን ብዙ ነገር አብሮ ይነቃነቃል።

ከገንዘቡ ልጀምር። ኤስኤስአይ ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን፣ ዐይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች ከ1974 ጀምሮ የሚከፈል የፌዴራል ድጋፍ ነው። በ2026 ለአንድ ሰው ከፍተኛው ክፍያ በወር 994 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው። ሠርተው ግብር ከከፈሉበት ዘመን የሚመጣው ኤስኤስዲአይ አድራሻ ስለተለወጠ አይቀንስም። ኤስኤስአይ ግን ከማን ጋር እንደምንኖርና የቤቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይጠይቃል። በሌላ ሰው ቤት በነጻ የሚኖር ሰው ክፍያው እስከ ሲሶ ሊቀነስበት ይችላል። ከ994 ላይ 331 ዶላር ገደማ ጎደለ ማለት ነው። ልጅ እናቷን የምታበላው እንጀራ እንደ ገቢ መቆጠሩ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወዲህ ቀርቷል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። መጠለያው ግን ዛሬም ይቆጠራል።

መፍትሔ አለው። የቤቱ ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ውሃና የቆሻሻ ክፍያ በወር 2,800 ዶላር ቢሆንና በቤቱ አምስት ሰው ቢኖር፣ የእናትየው ድርሻ 560 ዶላር ነው። ያንን በየወሩ ከራሳቸው ገንዘብ በእውነት ከከፈሉ ቅነሳው አይነካቸውም። እዚህ ላይ የሚያሰናክለን ይሉኝታችን ነው። ኤስኤስአይን የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ «እናትሽ ኪራይ ይከፍላሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ድርሻቸውን እየሰጧት እንኳ «እናቴን ላስከፍል? ምን በወጣኝ!» የምትል ልጅ ብዙ ናት። ወጪ መጋራት ነውር የለበትም፤ ገንዘቡም ከቤቱ አይወጣም። ስምምነቱ በወረቀት ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙበት፣ ክፍያው በቼክ ወይም በባንክ ይሁን። ያልተከፈለውን ተከፈለ ብሎ መጻፍ ግን ወንጀል ነው፤ ማንም «ቀላል ነው» ቢላችሁ አትስሙት።

አዲሱ አድራሻና አብሮ የሚኖረው ሰው ሁሉ፣ ለውጡ ከሆነበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ለሶሻል ሴኩሪቲ መነገር አለበት። ሜይ 20 ቤት የቀየረ ሰው እስከ ጁን 10 ጊዜ አለው። ለፖስታ ቤት አድራሻ ማስቀየር ለሶሻል ሴኩሪቲ መናገር አይደለም። ሳይነገር የቆየ እንደሆነ «ያለ አግባብ የተከፈለዎትን ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚሄደው ወደ አሮጌው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ጥፋቱ የእሱ ካልሆነና የመክፈል አቅም ከሌለው ዕዳው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብትም አለው።

ወደ ቫውቸሩ ልለፍ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አንዴ ከጠፋ መልሶ ለማግኘት ዓመታት ያስጠብቃልና። ሴክሽን ኤይት የምንለው ድጋፍ ከሰውየው ጋር መሄድ ይችላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለበት ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ወደ ቨርጂኒያም ሊዛወር ይችላል። ለዚህ ግን አስቀድሞ ቫውቸሩን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ማመልከት፣ ሊዙን (የኪራይ ውሉን) በሥርዓት መጨረስ፣ ተቀባዩ ባለሥልጣን ቤቱን እስኪመረምርና እስኪያጸድቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለቫውቸሩ መጀመሪያ ሲያመለክት ቫውቸሩን በሰጠው መሥሪያ ቤት አካባቢ ነዋሪ ያልነበረ ሰው መጀመሪያ አሥራ ሁለት ወር እዚያው እንዲኖር ሊጠየቅ ይችላል። የሚፈቀደው የኪራይ መጠን በአዲሱ ቦታ ልክ ይሰላል፤ የመኝታ ክፍሉም ቁጥር እንደገና ይታያል። አብራ የምታድር ረዳት የሚያስፈልገው ሰው ግን ለእርሷ ተጨማሪ ክፍል መጠየቅ መብቱ ነው። ድጋፉ ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ፣ ቁልፉን ያስረከበ ሰው ድጋፉንም እዚያው ትቶ እንደሚሄድ ይወቅ፤ ከመውጣቱ በፊት ሌላ አማራጭ እንዳለው ይጠይቅ።

ከምሳሌያችን እናት ጋር የሚገናኝ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግም አለ። በቫውቸር የልጅን፣ የወላጅን፣ የእኅትን ወይም የወንድምን ቤት መከራየት አይቻልም። የሚፈቀደው ተከራዩ ወይም አንድ የቤተሰቡ አባል አካል ጉዳተኛ ሆኖ፣ ቤቱ ለእርሱ የሚመች መሆኑን ባለሥልጣኑ አይቶ ሲያጸድቅ ብቻ ነው። እናትየው ይህን ሳይጠይቁ ልጃቸው ቤት ከገቡ ቫውቸሩ ይቀራል።

«አሌክሳንድሪያ» ማለትስ የት ነው? በፖስታ አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሚባለው ሁሉ የአሌክሳንድሪያ ከተማ አይደለም። ሃይብላ ቫሊ፣ ግሮቭተን፣ በሩት ዋን ዳር ያሉት ብዙ አፓርታማዎች ፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው፤ የቤቶች ባለሥልጣናቸውም የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሯቸውም ሌላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ቢሆን የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ ሳይሆን በካውንቲ የሚተዳደር ነው፤ በፖስታ ሲልቨር ስፕሪንግ ተብሎ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ የሚወድቅ ቤትም አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱ የማን ካውንቲ ነው?» ይሁን።

ሜዲኬይድ ወንዝ አይሻገርም። ሜሪላንድ ውስጥ ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው ሜዲኬይድ ያለ ሌላ ማመልከቻ ያገኛል። ቨርጂኒያ ግን ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፤ «ኤስኤስአይ አለኝና ይመጣልኛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው ፋርማሲ ደርሶ ነው ካርዱ እንደማይሠራ የሚያውቀው። ጠዋት ጠዋት የምትመጣው ረዳት የተፈቀደላት በሜሪላንድ ሜዲኬይድ ስለሆነ ሰዓቷ አብሮ አይዛወርም። የኦቲዝም ወይም ሌላ የዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ከሁሉ ይልቅ ይጠንቀቁ፤ በአንዱ ግዛት ለልጃቸው አገልግሎት ዓመታት የጠበቁት ተራ በሌላው አይቆጠርም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ወረፋው ረጅም ነው።

ኪራዩስ? ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአብዛኞቹ የኪራይ ቤቶች ዓመታዊው ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የአሌክሳንድሪያዎቹ የሳውዘርን ታወርስ ሕንፃዎች በ2020 ለአዲስ ባለቤት ከተሸጡ ወዲህ ነዋሪዎቹ በኪራይ ጉዳይ አደባባይ መውጣታቸውን የምታስታውሱ አላችሁ። በሁለቱም ግዛት ግን አከራይ «ቫውቸር አልቀበልም» ብሎ ማባረር በሕግ ተከልክሏል፤ ቨርጂኒያ ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸውን አከራዮች ነጻ ታደርጋለች።

ቤት ሳይቀይሩም መንገድ የሚያመጣው ጣጣ አለ። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው ከአሜሪካ 30 ቀን በተከታታይ ከራቀ ክፍያው ይቆማል፤ እንዲመለስለትም 30 ቀን በተከታታይ እዚህ መቆየት አለበት። ለወንድም ልቅሶ አዲስ አበባ ሄዶ አርባውን አውጥቶ የሚመለስ ሰው ገደቡን አልፏል። ለጠበል የሚሄዱም ቀናቸውን ከትኬት ግዢ በፊት ያስሉ።

በእኛ መካከል እንግሊዝኛ አቀላጥፈው የሚያነቡ ወጣቶች ሞልተዋል። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ብዙ መረጃውን በአማርኛ ያወጣል። የምለምናችሁ ይህን ነው፦ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ በወር አንድ ቀን መድቡ፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደብዳቤያቸውን ይዘው ይምጡ፣ ወጣቶቹ ያንብቡላቸው፣ አብረዋቸው ይደውሉ። ቤት ለመቀየር ያሰበ ሰው ካለም አዲሱን ሊዝ ከመፈረሙ በፊት ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ወደ ቤቶች ባለሥልጣኑና ወደ ሜዲኬይድ ቢሮው ይደውል፤ የተሰጠውን መልስ ከቀኑና ከሠራተኛው ስም ጋር ይጻፍ።